ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ? ከዋጋው በፊት ሥራውና መብራቱ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምተዳደረው በኮምፒውተር ጥገና ሥራ በመሆኑ፣ በተለይ ሰኔ ላይ የመሥሪያ ቤቶች በጀት ሊዘጋ ሲልና መስከረም ላይ ትምህርት ሊጀመር ሲቃረብ፣ «ላፕቶፕ ይሻላል ወይስ ዴስክቶፕ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ግን ውሳኔያቸውን አስቀድመው ጨርሰው የሚመጡ ናቸው። ላፕቶፕ ዘመናዊ፣ ዴስክቶፕ ደግሞ ጊዜ ያለፈበት ዕቃ ነው የሚለው ግምት ሥር ሰዷል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በናረበት በዚህ ጊዜ፣ ይህ ግምት ቤተሰብንም አነስተኛ ነጋዴንም ያለ አግባብ ገንዘብ እያስወጣ ስለሆነ ጥቂት ለማለት ወደድሁ።

ከጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ልጀምር። በእነዚህ ቤቶች ኮምፒውተሩ ከጠረጴዛው ንቅንቅ አይልም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይተየብበታል፣ የደንበኛ ፍላሽ ሲሰካበትና ሲነቀልበት ይውላል፣ ከመንገድ የሚገባው አቧራም አይቀርለትም። ለዚህ ሥራ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚከዳው ኪቦርዱ ነው። የዴስክቶፕ ኪቦርድ ሲበላሽ ከቅርብ ሱቅ ሌላ ገዝቶ፣ ሰክቶ ሥራን መቀጠል ይቻላል፤ የላፕቶፕ ኪቦርድ ግን በሞዴሉ ተፈልጎ መገኘት አለበት፣ ከተገኘ በኋላም በብዙዎቹ ላይ ለመቀየር መላው አካል ይፈታል። ራምም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) እንዲሁ ነው። ቀጫጭን ላፕቶፖች አብዛኛውን ጊዜ ራማቸው ከማዘርቦርዱ (ከዋናው ሰሌዳ) ጋር የተበየደ በመሆኑ፣ 4 ጊጋ ባይት ይዞ የተገዛው እስከ መጨረሻው በ4 ጊጋ ባይት ይኖራል።

ሻጮች የማይነግሩን ሌላም ነገር አለ። «ኮር አይ ሰቨን ነው» የሚለው የፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ስም ብቻውን ስለ ማሽኑ አቅም እምብዛም አይናገርም። ለምሳሌ በላፕቶፕ ውስጥ የሚገኘው ኮር አይ 7-7500ዩ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚያከናውን የፕሮሰሰሩ ክፍል) ብቻ ያለው ሲሆን፣ በዚያው በሰባተኛው ጀነሬሽን (የምርት ትውልድ) ለዴስክቶፕ የተሠራው ኮር አይ 5-7500 ግን አራት ኮር አለው። የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ባትሪ እንዲቆጥብ በ15 ዋት ተገድቦ የተሠራ ሲሆን የዴስክቶፑ 65 ዋት ተፈቅዶለታል። ስለዚህ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም የሕንፃ ንድፍ ለሚሠራ ሰው፣ በስም ዝቅ ያለው ዴስክቶፕ በስም ከፍ ያለውን ላፕቶፕ ሊያስከነዳው ይችላል፤ ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ ብዬ መብራትን ብዘል ግን ሐሰተኛ እሆናለሁ። ዴስክቶፕ መብራት በሄደ ቅጽበት ይጠፋል፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ዊንዶውሱ ይበላሻል። በመሆኑም የዴስክቶፕ ዋጋ ሲሰላ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ መሣሪያ) የዋጋው አካል ሆኖ መቆጠር አለበት እንጂ «ኋላ እንገዛለን» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በየቢሮው የምናየው 650 ቪኤ ዩፒኤስም ቢሆን ለጥቂት ደቂቃ ሥራን አስቀምጦ ለማጥፋት ነው እንጂ እየሠሩ ለመዋል አይደለም። ብዙ ቦታ ሌዘር ፕሪንተሩንም በዚያው ዩፒኤስ ላይ ሰክተው አያለሁ፤ ፕሪንተሩ ወረቀቱን ለማሞቅ በአንድ ጊዜ የሚስበው ኃይል ከፍተኛ ስለሆነ ዩፒኤሱ እየጮኸ ይጠፋል፣ ጥፋቱም በዩፒኤሱ ይላከካል። ፕሪንተሩ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ይሰካ።

መብራት በቀን ለሰዓታት በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር፣ በዶርም የሚያድር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ወይም ቤት በየጊዜው የሚቀይር ተከራይ ላፕቶፕ ቢገዛ አልቃወምም፤ እንዲያውም ግዛ እለዋለሁ። አሜሪካ ያለ ዘመድ በሻንጣው ይዞ የሚመጣውም ላፕቶፕ ነው፤ ቻርጀሩ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። ከዚያው አገር የመጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ግን ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው ወደ 230 ሳይዞር በእኛ 220 ቮልት ላይ አይሰካ፤ ፓወር ሰፕላዩ (ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል) እዚያው ይቃጠላል። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሱቁ ውስጥ ቻርጀሩን ነቅሎ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያሠራው። ባትሪው ቻርጅ የማይዝ ላፕቶፕ ዴስክቶፕን የሚበልጥበት ዋነኛ ምክንያት የለውም፤ ይህን ፈተና የማይፈቅድ ሻጭ ካለ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው።

ሁለቱንም የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በማይክሮሶፍት መስፈርት መሠረት፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ስለዚህ ለባንክና ለግብር ሥራ የሚውል ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ባይወርድ ይመረጣል። ለልጆች ጽሕፈት መለማመጃ ብቻ ከሆነ የቆየውም ያገለግላል፤ ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በጣም በሚፈጥን የመረጃ ማስቀመጫ) ቢቀየርለት ፍጥነቱ ያስደንቃል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ በሕዝብ ገንዘብ የሚፈጸመው ግዥ ነው። በእጄ የገባ የአንድ ትምህርት ቤት የግዥ መጠየቂያ «ላፕቶፕ፣ ኮር አይ ሰቨን» ብቻ ይል ነበር፤ ጀነሬሽኑ አልተጻፈም፣ የራሙ መጠንም የለም፣ ማሽኖቹ ደግሞ ከኮምፒውተር ክፍሉ የማይወጡ ነበሩ። እንዲህ ባለ መጠየቂያ ሦስት ፕሮፎርማ ቢሰበሰብም በዋጋ ዝቅ ብሎ የሚያሸንፈው በወረቀት ላይ ከሁሉም ጋር እኩል የሚሆነው አሮጌው ማሽን ነው። የግዥ ክፍሎች በቴክኒክ መስፈርታቸው ላይ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የራሙን መጠን፣ ኤስኤስዲ መሆኑንና ራሙ መጨመር መቻሉን እንዲጽፉ፣ በአንድ ክፍል ለሚቀመጥ ኮምፒውተር ደግሞ ዴስክቶፑን ከነዩፒኤሱ በአንድ ተራ ቁጥር እንዲጠይቁ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ