ከባንኮክ በኋላ ያለው መንገድ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

«ታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ አለ፣ ትኬቱን እኛ እንችላለን» የሚለው የቴሌግራም ማስታወቂያ ብዙ ወጣት አሳጥቶናል። በ2017 ዓ.ም. ሰዎች ተይዘው በኢንተርኔት እንዲያጭበረብሩ ከሚገደዱባቸው የምያንማሯ ምያዋዲ ግቢዎች ከወጡት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች መካከል በርካታ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ወላጆች ቪዛው የምን እንደሆነ አጥብቀው ይጠይቁ፤ በቱሪስት ቪዛ ታይላንድ ውስጥ መሥራት አይፈቀድም። ባንኮክ ያረፈ ልጅ በመኪና ለሰዓታት ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ድንበር ከተማዋ ሜ ሶት ከተወሰደ ቀጥሎ ያለው ታይላንድን ከምያንማር የሚለየው ሞይ ወንዝ ነው። ከተሻገረ ፓስፖርቱ ይነጠቃል፤ ማስለቀቂያ ገንዘብም ከቤተሰብ ይጠየቃል። ስለዚህ የፓስፖርቱ ፎቶ፣ የደላላው ስልክና የተጻጻፉት ሁሉ ቤት ይቅር። ደላላው «መልእክቱን አጥፋው» ካለ ጉዞው እዚያው ይቁም! ወንዙን ሳይሻገር ለታይላንድ ቱሪስት ፖሊስ በ1155 መደወል ይችላል። ይህን ቁጥር በጉልህ ብታትሙልን እንወዳለን።

የስደት ጉዳይ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ