ለመሄድ ላሰባችሁ

ውድ የኅብረታችን ሐኪሞችና ነርሶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

«ለሕክምና አገልግሎት ባሕር ማዶ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ከወረቀቱ ጀምሩ። መንፈሳዊ አይመስልም፣ አውቃለሁ። ግን ጥሪ የሥራ ፈቃድን አይተካም። የምትሄዱበት አገር ተቆጣጣሪ አካል አብዛኛውን ጊዜ ጊዜያዊ ምዝገባ ይጠይቃል፤ ይሄ ደግሞ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የቢጫ ወባ ክትባትንም ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። የምስክር ወረቀቱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ደግነቱ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ገንዘቡንም በግልጽ እናውራ። ብዙዎቹ ተልእኮዎች ደመወዝ የላቸውም። መርሲ ሺፕስ በተባለው ድርጅት የሆስፒታል መርከቦች ላይ ለብዙ ዓመታት በጎ ፈቃደኞች የምግብና የመኝታቸውን ከራሳቸው ይከፍሉ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ለመማር ሂዱ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ዶክተር ፖል ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሕንድ፣ ቬሎር ሲደርስ የሥጋ ደዌ ባለሙያ አልነበረም። የታማሚዎቹን እጅ እየያዘ መረመረ። ጣቶቻቸው የሚያልቁት ሥጋው ስለሚበሰብስ ሳይሆን ሕመም ስለማይሰማቸው መሆኑን አሳየ። ከዚያም የደህና ጡንቻ ጅማት እያዛወረ የታጠፉ ጣቶችን ዘረጋ።

እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሳምንቴ የኦክስጅን መለኪያ ባትሪ ፍለጋ ስራወጥ፣ የአገሬው ነርስ የልጁን ደረት ገልጣ ትንፋሹን ቆጥራ ጨርሳ ነበር። አፈርኩ፣ ግን ተማርኩ።

ቅጽ መሙላት የጀመራችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አብረን እናየዋለን።