አሮጌ ሲሊኮን ላይ አዲሱ አይይዝም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በጥያቄና መልስ ዓምዳችሁ ላይ አንድ አንባቢ ያገለገለ አኳሪየም (ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ሳጥን) ገዝቶ ከታችኛው ጥግ ውሃ እየወረደ እንዳስቸገረው ጽፎ ነበር። መልሳችሁ አጭር ነው። ውሃውን ቀንሱ፣ ጥጉን አድርቁ፣ በላዩ ላይ ሲሊኮን (መስታወት የሚያያይዘውን ማጣበቂያ) ቀቡበት፣ በማግስቱ ሙሉት ብላችኋል። ሳነበው ደነገጥኩ። እኔ ራሴ ልክ ይህንኑ አድርጌ ነው በአንድ ሌሊት 11 ዓሣ ያጣሁት። መልሱ እንዲታረም ነው የምጽፈው። ጠያቂው ሲሊኮኑን ገና ካልቀባው ደግሞ ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል።

አኳሪየሙን የገዛሁት ከአንድ ሰው ቤት ነው። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ሻጩ "ጥጉ ጋ ትንሽ ያልበዋል እንጂ አያፈስም" አለኝ። አመንኩት። ቤት ወስጄ ስሞላው እውነትም ትንሽ ናት፤ ጣቴን ሳሳርፍበት እርጥብ ይላል፣ በቃ። ሲሊኮን ገዛሁ፣ ጥጉን በጨርቅ አደረቅኩ፣ ከላይ ወፈር አድርጌ ቀባሁበት። ደረቀ። ሞላሁት። ምንም የለም። ዓሣዎቹን አስገባሁ። በ9ኛው ቀን ሌሊት ያ የቀባሁት ሲሊኮን እንዳለ ተልጦ ተነሳ፤ ጠዋት ስነሳ ወለሉ ኩሬ ሆኗል፣ ዓሣዎቹ ጠጠሩ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ወለል ላይ ስለነበር እሱም ውሃ ውስጥ ነው። በባዶ እግሬ ገብቼ መትረፌን ሳስብ እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

ለምን እንደተላጠ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሲሊኮን ንጹህ መስታወት ላይ ሲያርፍ አጥብቆ ይይዛል። አንዴ ከደረቀ በኋላ ግን ላዩ ምንም ነገር የማይጣበቅበት ጎማ ይሆናል፣ አዲስ ሲሊኮንም ጭምር። ከላይ የቀባችሁት ተጣብቆ ሳይሆን ተደርቦ ነው ያለው። ለጥቂት ቀን የተጠገነ ይመስላል፤ ውሃው ግን በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ቀስ እያለ መንገዱን ያበጃል።

ግፊቱ ደግሞ ሰው እንደሚያስበው ቀላል አይደለም። የእኔው ሳጥን ጢም ብሎ ሲሞላ ውሃው ብቻ ወደ 200 ኪሎ ይመዝናል፤ የፊት ለፊቱን መስታወት ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይልም 125 ኪሎ ገደማ ነው። ውሃ የሚገፋው በጥልቀቱ ልክ ስለሆነ ትልቁን ጫና የሚሸከመው የታችኛው ጥግ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሳጥኑ ግማሽ ድረስ ሲሞላ መስታወቱ ላይ ያለው ግፊት ግማሽ አይሆንም፣ ሩብ ነው የሚሆነው፤ ከ125 ኪሎ ወደ 31 ኪሎ ይወርዳል። ስለዚህ ሻጭ ግማሽ ውሃ ሞልቶ "ይኸው አያፈስም" ሲላችሁ ከእውነተኛው ፈተና ሩቡን ብቻ ነው ያሳያችሁ። ስትገዙ እስከ አፉ አስሞሉት።

አሁን ወደ ጥገናው ልግባ። አኳሪየም ላይ ሲሊኮን ሁለት ቦታ ነው ያለው። አንደኛው በሁለቱ መስታወቶች መካከል ተጨምቆ የተቀመጠው ስስ ሽፋን ነው፤ ሳጥኑን አያይዞ ያቆመው እሱ ነው። ሁለተኛው ከውስጥ በኩል ጥጉን ተከትሎ የሚሄደው ወፈር ያለ መስመር ነው፤ ሥራው ውሃው ወደ መጀመሪያው እንዳይደርስ መከለል ነው። (እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሊኮን ወደዚህ ሥራ እስኪገባ ድረስ አኳሪየም በብረት ፍሬምና በስቱኮ ነበር የሚሠራው። ዛሬ ፍሬም የሌለው ሳጥን የቆመው በማጣበቂያው ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው እንዲህ አጥብቄ የምናገረው።)

መጀመሪያ በመካከል ያለውን እዩት። ከጎን ሆናችሁ በባትሪ ብርሃን ስታዩት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት መልክ ካለው ደህና ነው። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚያልፍ የአየር መስመር ከታያችሁ ወይም መስታወቱ ከመስታወቱ መላቀቅ ከጀመረ ግን ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ እንደገና መጣበቅ አለበት። ይህን ሥራ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው አልመክርም፤ መስታወት የሚሠራ ባለሙያ ጋ ይውሰደው። ውሃው በየት እንደሚወጣ ለማወቅ ደግሞ ውጭውን እዩ፤ ቆይቶ ቆይቶ የሚያንጠባጥብ ቦታ ነጭ የኖራ ዝቃጭ ይተዋል። ዝቃጩ በአቼቶ ይለቃል።

የመካከሉ ደህና ከሆነ የውስጡን መስመር ብቻ ታነሳላችሁ። ብቻ ስል ግን ሁሉንም ማለቴ ነው፤ የሚያፈሰውን ጥግ ነጥሎ ማንሳት አይበቃም። አንዱን ጥግ ብቻ ካደሳችሁት አዲሱ ሲሊኮን መጨረሻው ላይ የግድ ከአሮጌው ጋር ይገናኛል፤ ያ መገናኛ ነው መልሶ የሚያፈሰው። ደግሞም ሁሉም መስመር የተሠራው በአንድ ቀን ነው፤ አንዱ ካረጀ ሌላውም አርጅቷል።

ማንሳቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ ሁለት ሙሉ ምሽት ፈጅቶብኛል። በምላጭ አንዱን ጎን ትቆርጡታላችሁ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ እየሳባችሁ ታነሱታላችሁ። ምላጩ በመስታወቶቹ መካከል እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ የሚያቆመውን ሲሊኮን ከቆረጣችሁት ሌላ ጣጣ ነው። ትልቁ ከተነሳ በኋላ መስታወቱ ላይ የማይታይ ስስ ቅባት የመሰለ ነገር ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ጸዳ ብሎ ይተወዋል። ምላጩን አስተኝታችሁ ደጋግማችሁ ፋቁት፣ ከዚያ በአሴቶን ወይም በአልኮል በንጹህ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን ቀይሩና እንደገና። በጥፍራችሁ ስትፈትሹት ጥፍሩን የሚይዝ ጎማ ካለ ገና ነው። ሳሙና አትጠቀሙ፤ ቅሪቱ ለዓሣም ለማጣበቂያውም አይሆንም። ከጸዳ በኋላ በእጃችሁ አትንኩት፤ የጣት ቅባት ይበቃዋል። ሳጥኑ መስታወት ሳይሆን አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) ከሆነ ግን የምለው ሁሉ አይሠራም። አሴቶን አክሪሊክን ያበላሸዋል፣ ሲሊኮንም በደንብ አይይዘውም።

ሲሊኮኑን ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ። መቶ በመቶ ሲሊኮን መሆን አለበት፣ ቢቻል ለአኳሪየም የሚሆን ብሎ የጻፈው። ለመታጠቢያ ቤትና ለኩሽና የሚሸጠው አብዛኛው ሻጋታ እንዳይዝ መድኃኒት የተጨመረበት ነው፤ ያ መድኃኒት ወደ ውሃው እየወጣ ዓሣ ይገድላል። አቼቶ አቼቶ ስለሸተተ ብቻም ደህና ነው አትበሉ። ሽታው ሲሊኮኑ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ነው እንጂ ስለ ሻጋታ መከላከያው የሚነግራችሁ የለም።

ከጥጉ ግራና ቀኝ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ትታችሁ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። ከዚያ ሲሊኮኑን ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ ወደ ታች፣ ቀጥሎ የወለሉን ዙሪያ፣ ሳታቋርጡ በአንድ ጊዜ ጨርሱት። በጓንት ጣት አንድ ጊዜ ብቻ ሳቡት፤ ደጋግሞ መነካካት ያበላሸዋል። ፕላስተሩን ወዲያው፣ ገና እርጥብ ሳለ አንሱት። በደቂቃዎች ውስጥ ላዩ ቆዳ ስለሚያወጣ ከዘገያችሁ መስመሩን ይዞት ይነሳል። ሰው ካገኛችሁ አንዳችሁ ቀቡ፣ አንዳችሁ ሳቡ። እኔ ብቻዬን ሠርቼ ሦስተኛው ጥግ ላይ ቆዳ አውጥቶብኝ ያንን ጥግ እንደገና ፍቄያለሁ።

አሁን ከመልሳችሁ ሁሉ የከፋው "በማግስቱ ሙሉት" የሚለው ነው። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ፣ ከላይ ወደ ውስጥ ነው። በ24 ሰዓት የሚደርቀው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጥጉ ላይ ያለው ውፍረት ከዚህ ይበልጣል። በማግስቱ ስትነኩት ደረቅ ነው፣ ውስጡ ግን ገና ሊጥ ነው። የፀጉር ማድረቂያ መያዝም ትርፉ ድካም ነው፤ ሲሊኮኑ የሚፈልገው እርጥበት እንጂ ደረቅ ሙቀት አይደለም። እኔ 7 ቀን ጠበቅኩ። አፍንጫዬን አስገብቼ የአቼቶው ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ አልነካሁትም።

የፍተሻው ነገር ቀላል ነው፣ ግን አትዝለሉት። ውሃ ቢፈስ ጉዳት የሌለበት ቦታ ላይ፣ በውሃ ልክ የተስተካከለ ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጡት። ከታች ዙሪያውን የቆየ ጋዜጣ አንጥፉ፤ አንዲት ጠብታ ብትወርድ ወረቀቱ ላይ ትታያለች። ሩብ ሙሉ፣ ጥቂት ሰዓት ጠብቁ፣ ግማሽ ሙሉ፣ ጠብቁ፣ ከዚያ እስከ አፉ። ቢያንስ 3 ቀን ይቁም። ውሃው በትነትም ስለሚቀንስ ልኩን ብቻ አትዩ፣ ወረቀቱን እዩ።

ማስቀመጫውንም አትርሱ። ብዙ አኳሪየም ማፍሰስ የሚጀምረው ሲሊኮኑ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን የቆመበት ጠረጴዛ ተንጋዶ ነው፤ ያን ሁሉ ኪሎ ተሸክሞ አንድ ጥግ ዝቅ ሲል መስታወቱ ይጠመዘዛል፣ መጋጠሚያው ይሳባል። ከላይ በኩል ከፊት ወደ ኋላ የተሻገረ የመስታወት ድጋፍ ካለው ደግሞ ለማጽዳት አይመቸኝም ብላችሁ አታንሱት። ረጅሙ መስታወት ወደ ውጭ እንዳይለጠጥ የያዘው እሱ ነው።

መስታወቱ ራሱ ከተሰነጠቀስ? እዚህ ላይ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ስንጥቅን በሲሊኮን መሙላት ጥገና አይደለም። የተሰነጠቀው መስታወት ወጥቶ በተመሳሳይ ውፍረት ይተካ፤ ወጪው የማያዋጣ ከሆነ ሳጥኑ ተክል ይተከልበት። ውሃ ግን አይያዝበት። ጠርዙ ላይ ትንሽ ብትሸረፍና ወደ መጋጠሚያው ካልገባች ችግር የለውም፣ ከእሷ ጋር መኖር ይቻላል።

ስለ ሻጮችም አንድ ነገር። አኳሪየም የሚሸጥ ሰው በየት እንደሚያፈስ ያውቃል፣ በየቀኑ ሲያብሰው ኖሯልና። "ያልበዋል" ከማለት "ያፈሳል፣ ሲሊኮኑ መታደስ አለበት" ቢል ዋጋው ይቀንስ ይሆናል፤ ገዢው ግን ምላጭ ይዞ ይጀምር ነበር። ለዓሣዎቹ የመዳብ መድኃኒት ተጠቅሞ ከነበረም ይናገር። መዳብ ሲሊኮኑ ውስጥ ሊቀርና በኋላ ለሚገቡት ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጠያቂው ደግሞ፣ ምናልባት ጋዜጣችሁን አምኖ ቀድሞ ቀብቶት ሊሆን ይችላል። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ይህን ንገሩልኝ። ዛሬውኑ ዓሣዎቹን ወደ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ያዛውር። ማጣሪያውን ሳያደርቀው እዚያው ያስነሳው፤ ውሃውን የሚያጣራለት ባክቴሪያ የሚኖረው ስፖንጁ ላይ ነው፣ ከደረቀ ይሞታል፣ እንደገና እስኪራባ ሳምንታት ይፈጃል። ማከፋፈያውን ከወለል ያንሳ። ከዚያ ውሃውን ቀንሶ ያን አዲስ መስመር በጥፍሩ ጫፍ ይሞክረው። ጫፉ ተነስቶ እንደ ላስቲክ እየተሳበ ከመጣለት ምላጩን ያንሳ፣ ከላይ እስከ ታች ያውጣው።

አንድ አንባቢያችሁ