ደብዳቤ ለልጄ፦ ፓምፑን እንዳትገዛ

የኔ አባት እንዴት ሰነበትክ፣ የደባርቅ ብርድ እንዴት አደረገህ፣ ጋቢውን ትለብሳለህ አይደል? ትናንት ስትደውል ሱቁ ሰው ሞልቶት ኔትወርኩም ሲቆራረጥ በደንብ አልሰማሁህም፣ ግን ዳሽቦርዱ ላይ ኤቢኤስ የሚል ቢጫ መብራት በራ፣ ጋራዥ ሄጄ የኤቢኤሱ ፓምፕ ነው ይቀየር አሉኝ ያልከውን ሰምቻለሁ። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ ይሄን እየጻፍኩልህ ነው፣ ረዘመ ብለህ እንዳትዘለው።

ቢጫው ብቻውን ከበራ ፍሬን የለህም ማለት አይደለም። ዘይቱ እንደድሮው ይገፋል፣ መኪናው ይቆማል፣ የሌለህ ድንገት ስትረግጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚይዝልህ ኤቢኤስ የሚሉት ነገር ነው። የእጅ ፍሬን ወርዶ እያለ ቀዩ መብራት አብሮ ከበራ ግን ወሬው ሌላ ነው፣ እዛው ዳር ይዘህ ቁምና የፍሬን ዘይቱን እይ፣ ወርዶ ከሆነ በዛ መኪና ወደ ጎንደር እንዳትመጣ፣ በሚኒባስ ና።

አሁን ስለፓምፑ። የዛሬ ስንት አመት አንድ ሰውዬ ከጋራዥ ወረቀት አስጽፎ መለዋወጫ ሱቄ መጣ፣ የኤቢኤስ ፓምፕ ይላል። ያገለገለ ነበረኝ፣ ሸጥኩለት፣ ማን አየው ምን ብሎ አየው ብዬ አልጠየቅኩም፣ ነጋዴ ነኛ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፣ መብራቱ እንደበራ ነው። በኋላ ሌላ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሰራ ልጅ ፈታትቶ ሲያየው ከፊት ቀኝ ጎማ የምትመጣው፣ የጎማውን ፍጥነት የሚለካው የሴንሰር ሽቦ ናት የተበጠሰችው። ሰውዬው ሽቦዋን ይዞልኝ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣት። ላስቲኩ ምንም አልሆነም፣ ጭረት እንኳን የለውም፣ ግን መሪ ሲዞር የምትተጣጠፍበት ቦታ ላይ በጣቴ ስይዛት እንደተቀቀለ ፓስታ ልፍስፍስ ትላለች፣ በምላጭ ስንሰነጥቃት ውስጧ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኖ ተበጣጥሷል። ለዚች ሽቦ ነው እኔ ፓምፕ የሸጥኩት። ግማሽ ብሩን መለስኩለት፣ ግማሹ እስካሁን ይከነክነኛል። ከዛ ወዲህ ፓምፕ የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ኮዱን፣ የመኪናው ኮምፒውተር የሚሰጠውን የብልሽት ቁጥር፣ ምን አለህ እላለሁ፣ እነ እንትና ገበያ ታባርሪያለሽ ይሉኛል፣ ይበሉ።

ነገሩ እኮ እንደሚያስፈሩህ ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ጎማ ጋር ጥርስ ያላት ቀለበት አለች፣ ከጎኗ ደግሞ ማግኔት ያለው ሴንሰር። ጎማው ሲዞር ጥርሶቹ በሴንሰሩ ፊት ያልፋሉ፣ ሴንሰሩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ኮምፒውተሩ በሱ የአራቱንም ጎማ ፍጥነት እያነጻጸረ አንዱ ሊቆለፍ ሲል ግፊቱን ይቀንስለታል። እንግዲህ ከአራቱ የአንዱ ወሬ ከጠፋ ኮምፒውተሩ አላምንም ብሎ ሁሉንም ይዘጋና መብራቱን ያበራል። ፓምፑ ደህና ሆኖ ማለት ነው። እንዳንተ አይነት የቆየ መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው ታች ጎማው ጋር ነው፣ ጭቃ፣ ዝገት፣ ሽቦ።

አንተ ደግሞ ራስህ ነገርከኝ እኮ! መብራቱ የበራው የፊት ፍሬን ሸራ ባስቀየርክ በሁለተኛው ቀን ነው አላልከኝም? እኔ እዛ ጋ ነው ልቤ የሄደው። ሸራ ሲቀይሩ ያንን የፍሬን ብረት ፈተው ያንጠለጥሉታል፣ የሴንሰሯን ሽቦ ይጎትቷታል፣ የያዘቻትን ክሊፕ ሳይመልሱ ይዘጋሉ፣ ከዛ ሽቦዋ ጎማ እየነካት ትፈገፈጋለች። በማን እንደሰራህ አልጠይቅህም፣ ስም አልፈልግም፣ ብቻ መሪውን ጥግ ድረስ አዙርና ከፊት በሁለቱም በኩል ጎንበስ ብለህ በባትሪ መብራት እይ፣ የቀኙና የግራው ሽቦ አስተሳሰራቸው አንድ አይነት ነው ወይ?

ከዛ ኮዱን አውጣ። ያቺ በስልክ የምትገናኘው ርካሿ መሳሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን ብቻ ነው የምታነበው ኤቢኤሱን አታይም፣ ስለዚህ ምንም ብልሽት የለም ብትልህ አትመናት። ያንተ ኮሮላ እ.ኤ.አ. የ2001 ስሪት ስለሆነች ራሷ ትነግርሃለች። ከመሪው ስር 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት አለ፣ ቁልፉን አጥፍተህ 4ኛውንና 13ኛውን በትንሽ ሽቦ አገናኝ፣ ደግመህ ቁጠር፣ 16ኛው የባትሪ ነው እሱን ነክተህ እንዳታቃጥል። ከዛ ሞተር ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈት፣ የኤቢኤስ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። ሶስቴ ብሎ ትንሽ አርፎ አንዴ ካለ 31 ነው፣ የፊት ቀኝ። 32 የፊት ግራ፣ 33 የኋላ ቀኝ፣ 34 የኋላ ግራ። ሳያቋርጥ እኩል ቶሎ ቶሎ ካለ ኮድ የለም ማለት ነው። 41 ካለህ ደግሞ የባትሪ ጉዳይ ነው፣ ደባርቅ ጠዋት ብርድ ነውና አይገርመኝም፣ ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር ተነስቶ 14 አካባቢ ማሳየት አለበት፣ ተርሚናሉ ነጭ ነገር አውጥቶ ከሆነም ጥረገው።

የጎማ ቁጥር ከወጣ ሴንሰሩን በቴስተር ለካ፣ እንዲህ አይነቶቹ ብዙ ጊዜ ከ1000 እስከ 2000 ኦም መሀል ያሳያሉ። ዋናው ግን የቀኙን ከግራው ጋር ማነጻጸሩ ነው፣ አንዱ ጭራሽ ካላነበበ ተበጥሷል። እየለካህ ሽቦዋን አጠፍ ዘርጋ አድርጋት፣ ያቺ የነገርኩህ ሽቦ ተዘርግታ ስትለካ ደህና ነበረች፣ ስትታጠፍ ነው ቁጥሩ የሚጠፋው። ሴንሰሩን ካወጣህ ጫፉ ማግኔት ስለሆነ የብረት ብናኝ ጢም አብቅሎ ታገኘዋለህ፣ በጨርቅ ጥረገው፣ ስታወጣው በመዶሻ አትምታው ይሰበራል። የቀለበቷንም ጥርስ እይ፣ ዝገት ከስሯ ሲያብጥ ትሰነጠቃለች፣ እንደሱ ከሆነ ደረቅ አስፋልት ላይ ልትቆም ስትል ፔዳሉ እግርህ ስር ይንቀጠቀጣል። ጎማዎችህም አራቱም አንድ ቁጥር ይሁኑ፣ ተለቅ ያለ ጎማ በዝግታ ስለሚዞር ኮምፒውተሩን ያደናግረዋል።

አምፖሏን ነቅለን እናጥፋልህ የሚሉህ አይጠፉም። እንዳታደርገው። ቁልፍ ስትከፍት ያ መብራት በርቶ ሶስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ መጥፋት አለበት፣ እኔ ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው እይልኝ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፣ ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው አምፖሉ ላይ ተጫውቷል።

እስኪሰራ ድረስ ቀስ ብለህ ንዳ። ዳባትና አምባ ጊዮርጊስ ጉም ሲይዘው፣ እዚህም ሰፈራችን ያለው ኮብልስቶን ክረምት ላይ ሳሙና ነው፣ ድንገት ጭምድድ አድርገህ ከረገጥክ ጎማው ይቆለፍና መሪ አይሰማህም፣ ከተቆለፈብህ ለቀቅ አድርገህ መልሰህ እርገጥ። ኤቢኤሱ ሲሰራ ግን ግልባጩ ነው፣ ጠበቅ አድርገህ ረግጠህ አትልቀቅ፣ ቢንቀጠቀጥም ተወው። ነፍሱን ይማረውና አባትህ ሊማሊሞን ስንቴ ሲወርድ ኤቢኤስ የሚባል ነገር በመኪናው አልነበረም፣ በከባድ ማርሽ ነበር የሚወርደው፣ አንተም ብትወርድ እንደሱ አድርግ፣ ኤቢኤስ የጋለ ፍሬን አያበርድም።

ቅዳሜ ብርሃን እያለ ብልጭታውን ቆጥረህ ቁጥሩን ጻፍልኝ፣ ሴንሰር ከሆነ ሱቅ ውስጥ የፊት ግራና ቀኝ አንዳንድ አለኝ፣ ከሽሮው ጋር በሚኒባስ እልክልሃለሁ። ሽሮውን ለብቻው ነው የማስረው፣ የባለፈው ግሪስ ግሪስ ይል ነበር ብለሃል።

እናትህ
ጎንደር፣ ፒያሳ