ዕቅዱ መልካም ነው፤ ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ሕዝብ ትምህርት ቤቶች በሚቀርቡ ሰፋፊ ዕቅዶች ላይ በዓምዳችሁ የሚካሄደውን ክርክር ስከታተል፣ ተከራካሪዎቹ ስለ ግቡ ብዙ እያሉ ስለ ወጪው እምብዛም አለማንሳታቸው ይህን አስተያየት እንድጽፍ ገፋፍቶኛል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በደቡብ ኮሪያዋ ኢንቾን ከተማ በተካሄደ ዓለም አቀፍ የትምህርት ጉባኤ ላይ የወጣው የኢንቾን መግለጫ፣ መንግሥታት ቢያንስ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው ከ4 እስከ 6 በመቶ ወይም ከመንግሥት ወጪያቸው ከ15 እስከ 20 በመቶ ለትምህርት እንዲመድቡ ያሳስባል። ይህ ግን መጠኑን እንጂ ምንጩን አይነግረንም።

በእኔ እምነት አስቀድሞ የወጪውን ባሕርይ መለየት ያስፈልጋል። የትምህርት ቤት ሕንፃ ለበርካታ ዓመታት ስለሚያገለግል በረጅም ጊዜ ብድር ቢሠራና ዕዳውን ወደፊት የሚገለገሉበትም ቢጋሩት ተገቢ ነው፤ በአብዛኞቹ አገሮች የመደበኛውን የትምህርት በጀት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የመምህራን ደመወዝ ግን በየወሩ የሚመላለስ ወጪ በመሆኑ፣ በብድርም ሆነ በአንድ ጊዜ ዕርዳታ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም። ማላዊ እ.ኤ.አ. በ1994 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያን ስታስቀር ተማሪዎች እንደ ጎርፍ ገቡ፤ መምህራንና መማሪያ ክፍሎች ግን በዚያው ፍጥነት ሊጨመሩ ባለመቻላቸው ክፍሎቹ ከልክ በላይ ተጨናነቁ።

ለትምህርት ብቻ የሚውል ልዩ ግብር ይጣል የሚሉም አሉ። ሐሳቡ ለጆሮ ይጥማል (ግብር ለጆሮ የሚጥምበት ጊዜ ጥቂት ነው)፤ ነገር ግን ልዩ ገቢው በአንድ በር ሲገባ ከመደበኛው በጀት ያንኑ ያህል በሌላ በር ሊወጣ ስለሚችል፣ ሕጉ መደበኛው በጀት ከምን በታች መውረድ እንደሌለበት ካልደነገገ ትምህርት ቤቶች የሚያተርፉት ነገር የለም።

ዕቅድ አቅራቢዎች የገቢ ምንጩን በየዓመቱ ከፋፍለው እንዲያሳዩ ብትጠይቁልን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ