ስለ ህልም ደብተሩ፦ ለሰባተኛ ክፍል ወላጆች

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ ስለ ህልም ደብተሩ ልትጠይቁኝ ቢሮዬ መጥታችኋል። አንዲት እናት ልጃቸው የሣለችውን ጥቁር ወፍ አይተው እንቅልፍ እንዳጡ ነገሩኝ። አንድ አባት ደግሞ ደብተሩን ቀደውታል። አስቀድሜ ልጽፍላችሁ ይገባ ነበር፤ ስለዘገየሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ልጆቹ እንደነቁ፣ ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ያዩትን ህልም በጥቂት መስመር ይጽፋሉ። ህልም ቁርስ እስኪቀርብ አይጠብቅም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ያላስታወሰ ልጅ «ዛሬ የለም» ይላል። ዓርብ ዓርብ ከጻፉት አንዱን መርጠው ከአማርኛና ከሥዕል መምህራኖቻቸው ጋር ግጥም ወይም ሥዕል ያደርጉታል።

መንገዱን የጀመርነው እኛ አይደለንም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አንድሬ ብረቶን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አእምሯቸው የታወከ ወታደሮችን ሲያስታምም ህልምን ካጠናው የአእምሮ ሐኪም ከፍሮይድ ሐሳብ ጋር ተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ1924 ሱሪያሊዝም የተባለውን የጥበብ እንቅስቃሴ ማኒፌስቶ ሲያወጣም ህልምንና ከንቃታችን በታች ያለውን አእምሮ የጥበብ ምንጭ አደረገ። የአዲስ አበባው ልጅ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ፓሪስ ሳለ የዚህን እንቅስቃሴ ሠዓሊያን ሥራዎች ቀርቦ አይቷል፤ የአገሩን የክታብ ሥዕሎች ግን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1964 በሣለው አንድ ትልቅ ሥዕል ላይ ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት በጨለማ ሰማይ ይበርራሉ። ሥዕሉ ዛሬ በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። የወፏ ነገር ላስጨነቃቸው እናት ያሳየኋቸው የዚህን ሥዕል ፎቶግራፍ ነው። ብዙ ሰዓት አዩት።

ከልጆቻችን ብዙዎቹ ወደ ኮዬ ፈጬ የመጡት ከመሐል ከተማ ነው። ቀን ስለ ቀድሞው ሰፈራቸው አያወሩም፤ ሌሊት ግን ይመለሳሉ። «ሰፈሬ» በሚል ርዕስ ድርሰት ሲታዘዝ «ሰፈሬ ንጹሕና ውብ ነው» ብሎ ያቆመ አንድ ልጅ በህልም ደብተሩ ይህን ጻፈ፦

ደረጃው አምስተኛ ፎቅ ላይ አላበቃም
ሰማይ ውስጥ የድሮው ግቢያችን አለ
አያቴ ቡና ትቆላለች
ጭሱ ግን ወደ ታች ይወርዳል

እንዳነብላችሁ ፈቅዶልኛል። ሃያ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ያንን የመጨረሻ መስመር ግን ለማንም ላስተምረው አልችልም።

ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል። ልለምናችሁ የፈለግሁትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እባካችሁ እስከ ወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ አትፍቱላቸው። ጥርሱ ሲወልቅ ያየ ልጅ «ዘመድ ሊሞት ነው» ከተባለ ነገ «ዛሬ የለም» ብሎ ይጽፋል፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ደብተሩንም ሳያስፈቅዱ አይክፈቱት። እኛም ህልም አንፈታም፣ ማርክም አንሰጥበትም። የዮሴፍን ታሪክ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የሰማን ሕዝብ ነን፤ እምነታችሁን የሚነካ ነገር በክፍል ውስጥ አይነገርም። አንድ አስፈሪ ህልም እየተመላለሰ ልጃችሁን እንቅልፍ ከነሣው ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሩን።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሥራዎቹን በቤተ መጻሕፍቱ ታያላችሁ። የሚሰቀለው ልጆቹ ራሳቸው የመረጡት ብቻ ነው።

ደብተሩ ለተቀደደበት ልጅ አዲስ ሰጥተነዋል። አባቱም መጥተው አነጋግረውኛል፤ ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ እርሳቸው ናቸው። አዲሱ ደብተር እስከ ትናንት ባዶ ነበር። ዛሬ ጠዋት አንድ መስመር ተጽፎበታል።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር