ልጄን ሩት ልላት ነው፣ ከፈቀድሽልኝ

እህት ዓለሜ፣

እንዴት ነሽ? ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ ዛሬ ብቅ ማለቴ ያሳፍራል። የእናትሽን ለቅሶ በስልክ ብቻ ማለፌ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ይቅር በይኝ። ወቀሳውን ስንገናኝ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ አሁን ግን የምጠይቅሽ ነገር ስላለ ቸኩያለሁ።

ወልጃለሁ! ሴት ናት። ዓይኗ የአባቷ ነው፣ ሲርባት ግን እንዳንቺ ነው የምትቆጣው። ስሟን ሩት ልላት ፈልጌያለሁ። በእናትሽ ስም። አንቺን ሳልጠይቅ ግን ለካህኑ መናገር አልደፈርኩም።

ቤታችን ክርክሩ ጦፏል። አማቴ ከአገር ቤት መጥተው እያረሱኝ ነው። እሳቸው የእናታቸውን ስም ነው የሚፈልጉት። ባለቤቴ ሩትን ወዶታል፣ እናቱን መጋፈጥ ግን አይፈልግም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ "ሩት እዚህ አገር የአሮጊት ስም እኮ ነው" አለችኝ። እልህ ያዘኝ። ሌሊት እያጠባሁ በስልኬ የአሜሪካ ሩቶችን መፈለግ ጀመርኩ። ምን ዓይነት ሴቶች አገኘሁ መሰለሽ!

ዳኛዋን ሩት ቤደር ጊንስበርግን ታውቂያታለሽ፤ እንዳንቺ ክርክር ላይ የማትቻል ሴት ነበረች። የመጀመሪያ ስሟ ግን ጆአን ነበር፤ ሩት ሁለተኛው ነው። ብሩክሊን ትምህርት ቤት ስትገባ ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ጆአኖች ስለነበሩ እናቷ ለአስተማሪዋ ሩት ብላ እንድትጠራት ነገረቻት። ያቺ እናት ልጇ ሁለተኛ ደረጃ ልትመረቅ አንድ ቀን ሲቀራት በካንሰር ሞተች። በፈረንጆቹ 1993 ሩት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ስትታጭ ንግግሯን የጨረሰችው እናቷን አንስታ ነው። ሴት ልጅ የልቧን መመኘትና መሥራት በምትችልበት፣ እንደ ወንድ ልጅ በምትወደድበት ዘመን ብትኖር ኖሮ እናቴ ትሆን የነበረውን ያህል እንድሆን እጸልያለሁ ነው ያለችው። ይህን ሳነብ ልጄን እንደታቀፍኩ አለቀስኩ። ያሰብኩት እናትሽን ነው።

አንዷማ አገራችን ድረስ መጥታ ነበር። ጋዜጠኛዋ ሩት ግሩበር። በ1944 የአሜሪካ መንግሥት ልኳት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የጦርነት ስደተኞችን ከጣልያን በመርከብ ወደ ኒውዮርክ አጅባ አምጥታለች። መርከቡ ላይ እያንዳንዱ የደረሰበትን ሲነግራት ትጽፍ ነበር። ከዚያ በ1985፣ ከ70 ዓመቷ በኋላ፣ የቤተ እስራኤልን መንደሮች ለማየት ኢትዮጵያ መጣች። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ መንገድ! 105 ዓመት ኖራ በ2016 ነው ያረፈችው። ይህን ለአማቴ ስነግራቸው "እንዲህ ነው እንጂ!" አሉ። ቡና ሲጠጡ የማይለያቸውን ቸኮሌት ጣል ጣል ያለበት ብስኩትም በ1930ዎቹ ማሳቹሴትስ ውስጥ የፈጠረችው ሩት ዌክፊልድ መሆኗን ነገርኳቸው። ብስኩቱን አገላብጠው አዩትና ዝም አሉ። ለዘብ ያሉ ይመስለኛል።

ከሁሉም ግን ልቤን የወሰደችው ሩት ሲመንስ ናት። በ1945 ቴክሳስ ገጠር ተወለደች፣ ከ12 ልጆች የመጨረሻዋ ናት። አባቷ የሰው መሬት አራሽ፣ እናቷ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበሩ። እናቷ የሞተችባት ገና በ15 ዓመቷ ነው። ይህች ልጅ በ2001 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ሆነች፤ አይቪ ሊግ ከሚሏቸው ስመ ጥር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱን ስትመራ የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት። እዚያ ደርሳም ዝም አላለችም፤ ዩኒቨርሲቲው ከባሪያ ንግድ ጋር የነበረውን ግንኙነት የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመች። ስለ እሷ ሳነብ የታየኝ የእናንተ ቤት በረንዳ ነው። እናትሽ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር እየለቀሙ፣ እኛን የማባዣ ሠንጠረዥ ሲያስደግሙን። ሰባት ሲባዛ በስምንት ላይ ሁሌ ትሳሳቺ ነበር። ራሳቸው ከአራተኛ ክፍል አላለፉም፤ ግን ስንሳሳት ከምስሩ ቀና ሳይሉ ያርሙናል።

አሁን የከበደኝን ልጻፈው። ምናልባት ስሙን ለራስሽ ልጅ አስቀምጠሽው ይሆናል። ስለ ልጅ ጉዳይ ያንን ሁሉ ከነገርሽኝ በኋላ ይህን መጠየቅ… እንዴት እንደምለው አላውቅም። ቅር ካለሽ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ንገሪኝ። ሌላ ስም እፈልጋለሁ፤ አንቺን የማጣበት ስም አልፈልግም። ከፈቀድሽ ግን አንድ ሌላ ልመና አለኝ፦ የክርስትና እናቷ ሁኚልኝ። በ80 ቀኗ እዚሁ ሜሪላንድ እናስነሳታለን። ትኬቱን እኛ እንቆርጣለን፣ ሥራ አለኝ እንዳትዪኝ።

አማቴ መልስሽን ከእኔ እኩል እየጠበቁ ነው። እሺም ሆነ እምቢ ደውዪልኝ። ስለ ሰዓቱ አትጨነቂ፤ ሲያትል ሲመሽ እዚህ እኩለ ሌሊት ነው፣ እኔ ደግሞ እያጠባሁ ነቅቼ ነው የምትደርሺብኝ።

ያንቺው